ልቤ ደንዝዞ እግሬ ሲፈራ

ሕመሙ የጀመረኝ በአፍንጫዬ ነው። ከአደጋው በኋላ ገና ወር አልሞላም ነበር። ባለቤቴ ጌትነት ደብረ ታቦር ከተማ አንድ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። እንደ ወትሮው ከሥራ ገባና ቱታውን ሳያወልቅ አጠገቤ ተቀመጠ። የናፍጣው ሽታ መጣ። ለዓመታት የማውቀው ሽታ ነው፤ እንዲያውም የባሌን መምጣት የሚያበስረኝ ስለሆነ እወደው ነበር። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላብ አጠመቀኝ። ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ የሚመታ መሰለኝ። ተነሥቼ ወደ ደጅ ሮጥኩና አስመለሰኝ።

«ምን በላሽ?» አለኝ ጌትነት ተከትሎኝ ወጥቶ፣ ጀርባዬን እየደገፈ።

ምንም አልበላሁም። ቀና ብዬ ቱታውን አየሁት። እሱም አየኝና ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያው ጋራዡ ውስጥ በሳሙና ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ መግባት ጀመረ። ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ለታመመና ሕመሙ ስም እንዳለው ገና ላላወቀ ሰው ነው። ስለዚህ አደጋውንም መናገር አለብኝ። አሳጥሬ እናገራለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተወለድኩት ገሳይ ነው፤ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አባቴ እዚያ የቅኔ መምህር ናቸው። ታናሽ እህቴ ውዴ እኔ ጋ እየኖረች ስፌት ትማር ነበር። አንድ እሑድ ወላጆቻችንን ጠይቀን አድረን፣ በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ ስንመለስ ነው። ክረምት ነበር። ጉም ነበር። መታጠፊያው ላይ ጎማው ተንሸራተተ። አንድ ሰው «ማርያም!» ሲል ሰማሁ።

የእኔ ክንድ ተሰበረ። ውዴ ሞተች።

ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ የማውቀው ጥቂት ነበር። የቀረውን ያየሁት ስልክ ላይ ነው።

ክንዴ በጀሶ ታስሮ ቤት ተኝቼ ሳለሁ አንዲት ደንበኛዬ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝ። ክፉ አስባ አይደለም። እኔ እዚያ መኪና ውስጥ እንደነበርኩም አላወቀችም፤ ለሁሉም ሰው ነው የላከችው። ከሥሩ «እግዚኦ ማረን፤ ልበ ደካማ እንዳያይ» የሚል ተጽፎበታል። ከፈትኩት። የተገለበጠ ሚኒባስ ይታያል። የሚጮህ ሰው አለ። ካሜራው ዞረና ውዴን አገኛት። ሣሩ ላይ ናት። ነጠላዋ ፊቷን ሸፍኖታል። የሚቀርጸው ሰው ቀረበ። እጁን ሰደደ። ነጠላውን ገለጠው።

ስልኩን ወረወርኩት። ቀኑን ሙሉ ምግብ ከአፌ አልደረሰም።

በማግሥቱ ግን ስልኩን አንሥቼ እንደገና አየሁት። ለምን እንደሆነ በኋላ ሐኪም ሲጠይቀኝ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፤ አይቼ አይቼ ይለቀኛል ብዬ ነው። አፍ ሚጥሚጣ ይለምድ የለ? ልብም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት አየዋለሁ። ስፌት ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። መጀመሪያ እንባ ነበረ። ቀጥሎ የሆድ ቁርጠት ብቻ ሆነ። ከዚያ ቁርጠቱም ቀረ። የእህቴን ሬሳ እያየሁ እንጀራ መጉረስ ቻልኩ። «በረታሁ» አልኩ።

ስልክ ደግሞ አንድ ጊዜ ምን እንደምታዩበት ካወቀ ሌላ ያመጣል። የሌላ አገር የመኪና አደጋ መጣ። ድብድብ መጣ። ጊዜውም ሰላም የጠፋበት ነበርና የተገደለ ሰው ምስል እንደ ሸቀጥ ማስታወቂያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ሁሉንም አየሁ። አንዱም አልነካኝም። ዝም ብዬ በአውራ ጣቴ ወደ ላይ እገፋለሁ።

ሰዎች ሲያዩኝ የጸናሁ መሰላቸው። ጎረቤቶቼ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩዬ ጸናች» ይባባላሉ።

ግን መኪና መቅረብ አልቻልኩም። ይህ ነው የሚገርመው። መጀመሪያ መናኸሪያው ሸሸኝ፤ ማለቴ እኔ ሸሸሁት። ከዚያ አስፋልቱን ሸሸሁ። ወደ ገበያ ስሄድ በጓሮ በጓሮ፣ በሰው አጥር ሥር እየዞርኩ መሄድ ጀመርኩ። የባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ አጥሩ ላይ እለጠፋለሁ። አንድ ቀን ጭነት መኪና ድንገት አጠገቤ ቆሞ የፍሬኑን አየር ሲተነፍስ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ተሰብስቦ አነሣኝ። የምሞት መስሎኝ ነበር።

ልቤ ሬሳ እያየ አይደነግጥም። እግሬ ጎማ አይቶ ይሸሻል። ሁለቱ እንዴት በአንድ ሰው ላይ እንደሚሆኑ አልገባኝም ነበር።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ የልጄ ነገር ነው። ሰላም ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ስፌት ቤቱ ውስጥ እግሬ ሥር ትጫወት ነበር። የጨርቅ መቀሱን አንሥታ ጣቷን ቆረጠች። ጮኸች። ደሙ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁት። አየሁት እንጂ አልተነሣሁም። ምንም አልተሰማኝም። ስልክ ላይ እንዳለ ነገር፣ የሚያልፍ መሰለኝ።

«እማዬ!» አለች።

አሁንም አልተነሣሁም። ልጄ ማልቀሷን አቁማ ፊቴን ማየት ጀመረች። ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳውም። ልጅ እናቷን እንደዚያ ማየት የለባትም። ጨርቅ ሻጯ ጎረቤቴ ሮጣ ገብታ ጣቷን አሰረችላት።

ጠበል ሄጃለሁ። በእግሬ እየሄድኩ ሱባኤ ያዝኩ፣ ተጠመቅሁ። አሳርፎኛል፤ እንቅልፌ ተመለሰ። የመኪናው ፍርሃት ግን ያው ነው፤ ልቤም ያው።

እናቴ በዚህ ሁሉ መሃል ከገሳይ ትደውል ነበር። ከውዴ ቀብር ወዲህ ከቤት አልወጣችም። ሐኪሞች ልቧ አብጧል ብለዋታል፤ እግሯም አብጦ መንገድ አትችልም። «ነይ እንጂ ልጄ፣ ዓይንሽን ልየው» ትለኛለች። «ለበዓል እመጣለሁ እትዬ» እላለሁ። በዓል ይመጣል፣ እኔ አልሄድም። የፈራሁትን አልነገርኳትም። እሷ ግን ያወቀች ይመስለኛል፤ በመጨረሻ «ነይ» ማለቷን ተወች። «ሰላም እንዴት ናት?» ብቻ ትለኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የገሳይ ጎረቤታችን ናቸው። ድምፃቸውን ስሰማ አወቅሁ።

ጌትነት ከጋራዡ መኪና ይዞ መጣ። በሩን ከፈተልኝ። አንድ እግሬን አነሣሁ። አልሆነም። እንደገና ሞከርኩ። መሬት ላይ ወደቅሁ። እናቴ ሞታ መኪና መግባት አቃተኝ።

ጌትነት ቁልፉን ለጓደኛው ሰጠው። ሰላምን ጎረቤት አስቀመጠ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለና «በእግራችን እንሂድ» አለኝ። መኪና መንዳት የሚችል ሰው ከእኔ ጋር ዳገት ቁልቁለቱን ሁሉ በእግሩ ሄደ። ለቀስተኛ የጫኑ መኪኖች እያለፉን ሄዱ። መኪና በመጣ ቁጥር ከመንገዱ ወርደን የገብስ ማሳ ዳር እንቆማለን። በእኔና በአስፋልቱ መሃል ይቆምልኝ ነበር።

ስንደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየወረደ ነበር። አፈሩ ተመልሷል። ፍትሐቱ አልቋል።

ሴቶቹ እኔን ሲያዩ እንደ አዲስ እዬዬ አሉ። ዘመዶቼ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። እኔ ቆምኩ። ደረቅሁ። አንዲት አሮጊት «ምነው ይቺ ልጅ፣ የወለደቻት አይደለችም እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። አልፈረድኩባቸውም። እኔም ራሴን እንደዚያ እጠይቅ ነበር።

አባቴ ድንኳን ውስጥ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ብዙ አይናገሩም። ፊቴን ቆይተው አዩትና በዝግታ፣

«እንባሽን ማን ወሰደው ልጄ?» አሉኝ።

«አላውቅም አባዬ። ፈልጌ አጣሁት» አልኳቸው። የስልኩን ነገር፣ የመኪናውን ነገር፣ የሰላምን ጣት እዚያው ነገርኳቸው። ጠበል መሄዴንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ጠበሉን ደግ አድርገሻል። ሐኪምንም የፈጠረ እሱ ነው» አሉ። «ይኼ ሐዘን አይደለም። ሐዘን ያለቅሳል። ይኼ ደዌ ነውና ይታይልሽ። እናትሽ መጥተሽ ባለማየትሽ አልተቀየመችም፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ይህን ይዘሽ ሂጂ።»

አባቴ ያን ቃል ባይሰጡኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍ አይመስለኝም።

ደብረ ታቦር ተመልሼ ሆስፒታል ሄድኩ፤ ያየችኝ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት፤ ሲስተር መልካም እላታለሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መስኮቱ ወደ ልብስ ማስጫው ያያል። ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ። ስጨርስ ሕመሙን በስሙ ጠራችው፤ ፒቲኤስዲ አለችው፤ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሁከት ነው። መኪና ስቀርብ የሚይዘኝ ድንገተኛ ፍርሃት ደግሞ ፓኒክ አታክ ይባላል።

«አይገድልሽም» አለችኝ። «የምትሞቺ ይመስልሻል እንጂ አትሞቺም። ፍርሃቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ራሱ ይወርዳል። አንቺ ግን ሲወርድ አይተሽው አታውቂም፤ ሁልጊዜ ከመውረዱ በፊት ትሸሻለሽ። በሸሸሽ ቁጥር ፍርሃቱን ቀለብ ትሰፍሪለታለሽ።»

ጥያቄዬን ያኔ ጠየቅኋት። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼው ለምጄዋለሁ፤ ታዲያ ለምን ፍርሃቴ አልሄደም?

«አልለመድሽውም» አለች። «ደነዘዝሽ። ሁለቱንም በእንግሊዝኛው ዲሴንሲታይዜሽን ይሏቸዋል፤ አንድ አይደሉም። ቪዲዮውን ስታዪ ስሜትሽን ዘግተሽ ነው፤ ሰውነትሽ የተማረው መዝጋት ነው። አንዴ ከተዘጋ ደግሞ ለሬሳው ብቻ አይዘጋም፤ ለልጅሽም ይዘጋል። እኛ እዚህ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። በሩን ከፍተሽ፣ ፍርሃቱ እያለ፣ ትንሽ ትንሽ ትቀርቢዋለሽ። እስኪወርድ አትነሺም።»

የመጀመሪያ ትእዛዟ ቪዲዮውን ከስልኬ ማጥፋት ነበር። እዚያው ፊቷ አጠፋሁት። ሌሎቹን የሚያመጡትን ቻናሎችም ለቀቅሁ። የሆስፒታሉ ሐኪምም ለጭንቀቱ ፍሉኦክሰቲን የሚባል ኪኒን አዘዘልኝ፤ መጀመሪያ ሰሞን ሆዴን አወከኝ፣ ራሴንም አዞረኝ፣ በኋላ ተስማማኝ። በራሴ ፈቃድ እንዳላቋርጠው አጥብቆ ነገረኝ።

ከዚያ መሰላሉን ሠራን። ሲስተር መልካም መሰላል የምትለው ከቀላሉ ፍርሃት ወደ ከባዱ የሚያወጣ ነው። የእኔ የታችኛው እርከን የጌትነት ቱታ ነበር። ታጥቦ የተሰጣ ቱታ አጠገብ መቀመጥ፣ ቀጥሎ ያልታጠበውን ጭኔ ላይ ማድረግ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ እየተነፈስኩ፣ መንቀጥቀጡ እስኪለቀኝ እጠብቃለሁ። ሞኝ ሥራ ይመስላል። እኔም አፍሬ ነበር። ግን አንድ ቀን ጌትነት ሳይታጠብ ገብቶ አጠገቤ ሲቀመጥ፣ ሁለታችንም ምንም እንዳልሆንኩ ያወቅነው ምሳ ከበላን በኋላ ነው።

ጋራዡ ውስጥ ሞተሯ የወረደ አሮጌ ፒካፕ ነበረች፤ ከቆመች ዓመት አልፏታል፣ ዶሮ ወንበሯ ላይ እንቁላል ትጥልባት ነበር። መቼም የትም አትሄድም። ጌትነት ዶሮዋን አስወጥቶ፣ ወንበሩን ጠርጎ አስቀመጠኝ፤ መጀመሪያ በሩን ከፍቶ፣ ከቀናት በኋላ ዘግቶ። መርፌና ክር ይዤ እየገባሁ የልብስ ቁልፍ እተክል ነበር። የጋራዡ ሰዎች መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ ግን «ቢሮሽ ተከፍቷል» እያሉ ይቀልዱልኝ ጀመር።

ሁሉም ግን እንዲህ ቀና አልነበረም። ባጃጅ ላይ ስወጣ ቸኮልኩ። ሲስተር መልካም በቆመ ባጃጅ ጀምሪ ብላኝ ሳለ በራሴ ድፍረት ወደ ገበያ ተሳፈርኩ። መታጠፊያ ላይ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እየሄደ ዘለልኩ። ጉልበቴ ተላጠ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ወደ ሕክምናውም አልሄድኩም፤ ሳምንታት አለፉ። ስልኩንም አንሥቼ ያንን የድሮ ነገር መፈለግ ጀምሬ ነበር።

የመለሰችኝ ሰላም ናት። «እማዬ፣ ዶሮዋ ተመልሳ መኪናሽ ውስጥ ገብታለች አለ አባዬ» አለችኝ። ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። ልጄ ሳቄን ሰምታ መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች፣ እኔም የጣቷን ጠባሳ ሳየው ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ወጋኝ። አመመኝ። ያ ሕመም ምን ያህል እንዳስደሰተኝ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ነርሷ ዘንድ በማግሥቱ ሄድኩ። አልተቆጣችኝም፤ «መሰላል ላይ የወረደ ሰው መሬት አልወደቀም» አለችኝና አንድ እርከን ዝቅ ብለን ቀጠልን።

በጣም የከበደኝ ክፍል መኪናው ሳይሆን መተረኩ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ጠዋት ከመጀመሪያው እንድተርክላት አደረገችኝ፤ ደግሞ ደጋግሜ። እስከዚያ ድረስ ውዴን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣልኝ የቪዲዮዋ ውዴ ብቻ ነበረች፤ ያ የማላውቀው ሰው የቀረጻት። ስተርክ ስተርክ ግን አንድ ቀን ሌላዋ መጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ናት፣ አጠገቤ። እናቴ የቋጠረችልንን ቆሎ እየቆረጠመች ነው። እንቅልፍ መጣባት። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ «ጉሙ ሲገለጥ ቀስቅሺኝ» አለችኝ።

ይህን ቃል ረስቼው ነበር። የእህቴ የመጨረሻ ቃል ነው፤ ስልኩ ቀምቶኝ ነበር።

  ያኔም እንባ አልመጣም፣ ግን የት እንዳለ ያወቅሁ መሰለኝ።

ከዚያ ከተማ ውስጥ በሚኒባስ፣ መጀመሪያ ከጌትነት ጋር፣ ቀጥሎ ብቻዬን መሄድ ቻልኩ። በግጭቱ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሰላም ሆኖ ሲከፈት፣ ለእናቴ ሙት ዓመት ሦስታችንም ገሳይ ለመሄድ ተሳፈርን። ስንወጣ እጄ ያልበኛል፣ ልቤ ይመታል፤ ፍርሃቱ አልጠፋም። ወደ ላይ ሲወጣ ጠበቅሁት። ሲወርድም አየሁት። ያ መታጠፊያ ሲደርስ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ሣር ነው። ሁለት በግ ይግጣል። ሌላ ምንም የለም። መኪናው አልቆመም፤ አለፍነው።

ካለፍነው በኋላ አለቀስኩ። ለውዴ አለቀስኩ፤ ለእናቴ፣ «ነይ» ማለቷን ለተወችው እናቴ አለቀስኩ። ድምፄን መግታት አልቻልኩም። ተሳፋሪው ደነገጠና አንዲት የማላውቃት ሴት «ምን ሆነች?» ብላ ጌትነትን ጠየቀችው።

«እህቷና እናቷ ሞተውባት ነው» አላት።

«መቼ?»

«ዛሬ ነው የሰማችው» አላት ጌትነት። ሴትዮዋ ነጠላዋን ገልብጣ ለበሰችና አብራኝ አለቀሰች።

አባቴ ከቤታቸው ደጅ ቆመው ጠበቁን። ዓይኔን አይተው ምንም አልጠየቁኝም። እጄን ይዘው ወደ መቃብሩ ወሰዱኝና እናቴና ውዴ ጎን ለጎን ካሉበት ቦታ ብቻዬን ተዉኝ። የፈለግሁትን ያህል ቆየሁ።

አሁን በመኪና እሄዳለሁ። ጉም ባለበት ቀን አልሳፈርም፤ ሲስተር መልካም ይህ ሕመም ሳይሆን ልብ መግዛት ነው ትላለች። ሌሎች ክፉ ቀኖችም አሉኝ። ማልቀስ ከጀመርኩ ወዲህ ቀላል ኑሮ አልሆነልኝም፤ ሐዘኑ ያኔ ያልከፈልኩትን አሁን ነው የሚያስከፍለኝ። ግን ልጄ ስትወድቅ ሳላስብ እነሣለሁ።

የማመሰግናቸው ብዙ አይደሉም፤ በዝግታ የሄዱልኝ ናቸው። እስከ ገሳይ በእግሩ የተጓዘውን ባሌን፣ ሳትቸኩል ያስተማረችኝን ነርስ፣ እንባዬን የጠየቁኝን አባቴን እግዚአብሔር ይባርክልኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ካስፈራችሁ በአንድ ቀን ልጣለው አትበሉ፤ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆናችሁ ትንሽ ትንሽ ቅረቡት፤ ፍርሃቱ እስኪወርድም ቆዩ። ስልካችሁ ላይ የሞተ ሰው ምስል ሲደርሳችሁ ወደ ሌላ አትላኩት። እዚያ ውስጥ ያለው ሰው እህት አለችው፤ ስልክም አላት። ሐዘን ደርሶባችሁ እንባችሁ የደረቀ እንደሆነ ደግሞ «በረታሁ» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ተነሡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።